ለሁለት መንገደኞች የሚሆን ቀላል ፍራሽ ስለ መምረጥ

በዕረፍት ጊዜያቸው ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ አገር ለማየት በእግር የሚወጡ ጓደኞች አሉን። እነዚህ ወንድሞችና እኅቶች ስለ ጫማ፣ ስለ ስንቅና ስለ ድንኳን አብዝተው ሲማከሩ እሰማለሁ፤ ስለሚተኙበት ነገር ግን ሲጠይቁ የሰማሁት ጥቂቱን ነው። እኔም ባለፈው ጥር በጓደኛዬ ላይ የደረሰውን እስካይ ድረስ አልጠየቅሁም ነበር። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አብረው የሚተኙበትን ቀላል ፍራሽ እንዴት እንደሚመርጡ የማውቀውን ያኽል ለመግለጽ እሞክራለሁ። ጸሐፊው የሥነ ጽሑፍ እንጂ የፊዚክስ ተማሪ አለመሆኑን አንባቢው አስቀድሞ ይወቅልኝ፤ ስለ ሙቀት የምናገረውን የተማርሁት ከሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቼና ከብርድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የተወለድሁት አዲሎ ነው። በከምባታ ምድር ያደገ ልጅ የሃምበሪቾን ተራራ ስም ከጡት ጋር ይጠባዋል። ተራራው በዱራሜ አጠገብ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ዛሬ ወደ ላይ የሚያወጡ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል። እኔና አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከአዲሎ ተነሥተን በእግር ልንሄድና ሌሊቱን ከከፍታው ላይ ልናድር ተስማማን። ፍራሹን ከዘመድ ተዋስን፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ፣ ሲነፋ አንድ ስንዝር የሚያኽል ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ፍራሽ ነበር። እንዲህ ያለ ወፍራም ነገር ይዞ ብርድን የሚፈራ ማን ነው? የጓደኛዬ እናት ሦስተኛ ጋቢ ሊጨምሩልን ቢሉ «ይከብደናል እማዬ» ብሎ መለሰላቸው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ጓደኛዬ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የራሴንም ጋቢ ደረብሁለት፤ አልረዳውም። ጥቂት ቆይቼ ባናግረው ምላሱ ተያያዘበት፤ የሚለው አልሰማ አለኝ። መንቀጥቀጡን እንደ ጨዋታ ቈጥሬው የነበርሁ ሰው ያን ጊዜ በእውነት ፈራሁ። በእጅ ባትሪ እየመራሁ ደግፌ አወረድሁትና በመጀመሪያ ያገኘነውን ቤት አንኳኳሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከፍተው አዩንና፤

«ከላይስ ደርባችኋል፤ ከታች ምን አንጥፋችሁ ነበር?» አሉ።

በአየር የተነፋ ፍራሽ እንደ ነበር ነገርኋቸው።

«ታዲያ ነፋስ ላይ ተኛን በለኛ!»

ከምድጃው አጠገብ የደረቀ የእንሰት ቅጠል አበዙና በላዩ ጅባ ዘርግተው አስተኙት፤ ትኩስ ነገር አጠጡት። ሊነጋጋ ሲል ንግግሩ ተመለሰ። እኔ ግን እስኪነጋ ድረስ የሴትዮዋን ጥያቄ ሳሰላስል ቈየሁ፤ ከገበያ ፍራሽ ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ እስከ ዛሬም አላገኘሁምና።

የሰው አካል ሙቀት 37 ዲግሪ ያኽል ነው፤ የደጋ መሬት በሌሊት ከዚያ እጅግ ያነሰ ሙቀት አለው። ሙቀት ደግሞ ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። ጋቢ የሚያሞቀን ጥጡ በራሱ ሙቀት ኖሮት ሳይሆን፣ በክሩ መካከል የታሰረው አየር የእኛን ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚይዝልን ነው። ያው ጋቢ ከበታች ሲነጠፍ ግን ክብደታችን ይደፈጥጠዋል፤ አየሩ ይወጣል፤ የሚቀረው ስስ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ከላይ የቱንም ያኽል ብንደርብ ከታች የሚፈሰውን ሙቀት አናስቀረውም።

እንግዲህ አንባቢ «የእናንተ ፍራሽ በሙሉ አየር አልነበረምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። ልዩነቱ የታሰረ አየርና የሚንሸራሸር አየር አንድ አለመሆናቸው ነው። በባዶ ፕላስቲክ ውስጥ አየሩ ሰፊ አዳራሽ አግኝቷል፤ ሰው በተገላበጠ ቍጥር ከወዲያ ወዲህ ይሄዳል፤ የላዩን ሙቀት ከታችኛው ቅዝቃዜ ጋር ይደባልቃል። ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ደግሞ መገላበጡ ሁለት እጥፍ ነው። በእንሰቱ ቅጠል ውስጥ ግን አየሩ በየቅጠሉ መካከል ተከፋፍሎ ታስሯል። ከዚህ የምንማረው ውፍረት ለጎን አጥንት ምቾት እንጂ ለሙቀት ዋስትና አለመሆኑን ነው።

የፍራሽ ሠሪዎች ይህን የመከላከል ኃይል የሚገልጹበት ቍጥር አላቸው፤ «አር-ቫልዩ» ይሉታል። ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፍራሹ ሙቀት ያስቀራል። ቀድሞ እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ መንገድ እየለካ ቍጥሩን ይጽፍ ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ግን ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው የመመዘኛዎች ድርጅት አንድ ወጥ የአለካክ ዘዴ አወጣ። ፍራሹ በአንድ የሞቀና በአንድ የቀዘቀዘ ሰሌዳ መካከል ይደረግና ምን ያኽል ሙቀት እንደሚያልፍ ይለካል። ባዶው የፕላስቲክ ፍራሽ ከ1 ብዙም አይርቅም። ለቆላ ሌሊት ይበቃል፤ ለሃምበሪቾ ጥር ግን እንዳያችሁት ነው። ለደጋችን ከ3 በታች ባልወርድ እመርጣለሁ፤ ውሃ የሚያረጋ ብርድ ወዳለበት ለሚሄድ ሰው 4ና ከዚያ በላይ ይሻለዋል። ለተማሪ ኪስ ደስ የሚያሰኘው ነገር ቍጥሮቹ የሚደመሩ መሆናቸው ነው፤ 2 የሆነውን በ2 ላይ ቢያነጥፉት 4 ይሆናል።

በገበያ የሚገኙት ዓይነቶች በጠቅላላው ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ስፖንጅ ነው። ነገር ግን ስፖንጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ለአልጋ የምንገዛው ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ ክፍት ስለ ሆኑ ውሃ ይጠጣል፤ ከብዶና ሰፊ ቦታ ይዞ መንገደኛን ያስመርራል። ለመንገድ የሚሆነው ቀዳዳዎቹ ዝግ የሆኑት ነው፤ ጠንከር ያለ፣ ውሃ የማይጠጣ፣ ተጠቅልሎ ወይም ታጥፎ ከሻንጣ ውጭ የሚታሰር። 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ለአንድ ሰው የሚሆን ጥሩ ስፖንጅ ክብደቱ 400 ግራም ያኽል፣ ቍጥሩም 2 ያኽል ነው። እሾህ ቢወጋው፣ ፍም ቢዘልበት፣ ሥራውን አይተውም። ሁለተኛው በአየር የሚነፋው ነው፤ ከእነዚህ መካከል ለብርድ የሚሆኑት ውስጣቸው ተከፋፍሎ በጭረት ወይም ሙቀትን በሚመልስ ስስ አብረቅራቂ ወረቀት መሰል ነገር የተሞሉት ናቸው። ሦስተኛው ስፖንጅና አየር የተጋቡበት፣ መክፈቻው ሲፈታ በራሱ አየር የሚስብ ፍራሽ ነው። ይህ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የተፈለሰፈ ሲሆን ከፈልሳፊዎቹ መካከል ቀድሞ በቦይንግ የአውሮፕላን ፋብሪካ የሠሩ መሐንዲሶች ነበሩ። ምቹ ነው፤ ነገር ግን ለሁለት ሰው ሲሆን ስለሚከብድ በእግር ለሚሄድ አልመክረውም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ሰፊ ፍራሽ ይግዙ ወይስ ሁለት ነጠላ?

አንዱ ሰፊ ፍራሽ የሚያስመሰግነው ነገር አለ። በመካከል ክፍተት የለውም፤ ሁለቱ ተጠጋግተው ስለሚተኙ አንዱ የሌላውን ሙቀት ይካፈላል። ውስጡ የተሞላው ጥሩ ዓይነት ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ተኩል ቢመዝን ነው፤ ለሁለት ሲካፈል እጅግ ቀላል ነው። ነገር ግን ሲካፈል ያልሁት ቃል ሐሰት አለበት፤ አንድ ፍራሽ ለሁለት አይቈረጥም። አንዱ ይሸከማል፤ ሌላው በምትኩ ድስቱንና ድንኳኑን ይሸከማል፤ በማግሥቱም «የኔ ይከብዳል» የሚል ክርክር ይነሣል። ሁለተኛም በውስጡ አንድ ክፍል ብቻ ካለው፣ ከባዱ ሰው በተኛበት በኩል ሲሰረጕድ ቀላሉ ከወዲያ ተንከባሎ ይመጣበታል። ስለዚህ የግድ የሚገዛ ሰው ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚነፋውን ይፈልግ። ከሁሉ የሚከፋው ግን አንዲት የግራር እሾህ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት መሬት ላይ ማዋሏ ነው። ቀዳዳውን እንደ ብስክሌት ካላማዳሪያ በሳሙና ውሃ አረፋ ማግኘት ይቻላል፤ መለጠፊያውንና ኮላውን ከፍራሹ ጋር መያዝ ይገባል። ወደ ጎሚስታ የሚወስደውም ቢኖር በሙቀት እንዳይለጥፍለት አጥብቆ ይንገረው፤ ስሱ ጨርቅ ይቀልጥበታል። በአፍ መንፋትም ከትንፋሽ ጋር እርጥበት ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ፣ በከረጢት ወይም በትንሽ ፓምፕ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለት ነጠላ ፍራሽ ደግሞ አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይተርፋል፤ ጓደኞቹም ቢጣሉ (ይህም ይሆናል) እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይሄዳል። ጉድለቱ በመካከል የሚከፈተው ቦይ ነው፤ ሌሊት ፍራሾቹ ይሸሻሹና ብርዱ በዚያ በኩል ይገባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ከላይና ከታች በመቀነት ማሰር፣ በላያቸውም አንድ ነጠላ ማልበስ ነው።

ስለ ስፋት አንድ ነገር ልጨምር። ነጠላው ብዙውን ጊዜ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ሁለቱ 1 ሜትር ይሆናሉ። ከመግዛታችን በፊት በመኝታ ቤታችን ወለል ላይ በጠመኔ አስምረን ተኝተንበታል፤ የክፍል ጓደኞቻችን ቢሥቁብንም ትከሻችን እንደሚበቃው አውቀናል። ከገበያ የሚገዛ ሰውም አይፈር። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ ይጠጣ እንደ ሆነ ይይ፤ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ቶሎ መመለሱን ይመልከት። ክብደቱን ነጋዴው በቃሉ ሲነግረው ከማመን ከጎኑ ያለውን የቡና ሻጭ ሚዛን ቢያስፈቅድ ይሻላል። ለስፖርት መሥሪያ የሚሸጠው ስስ ምንጣፍ ከሩቅ ሲያዩት ይህን ይመስላል፤ ለብቻው ግን ለደጋ ሌሊት አይሆንም።

ይህ ሁሉ የክብደት ጭንቀት በጀርባው ለሚሸከም ሰው ነው። ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ጓዙን በበቅሎ ያስጭናል፤ የግጭና የጨነቅ ማደሪያዎች ከ3,500 ሜትር በላይ ስለ ሆኑ እዚያ ሙቀቱን እንጂ ግራሙን አይቍጠር።

የእኔና የጓደኛዬ ምርጫ ምን ሆነ? ገንዘባችንን አዋጥተን ሁለት ዝግ ስፖንጅ ገዛን። ቍጥራቸው 2 ብቻ ስለ ሆነ ለብቻቸው ለጥር እንደማይበቁ እናውቃለን፤ ለዚህም ከበታች የሚነጠፍ አንድ ስስ ጅባ ከአዲሎ ገበያ ጨመርን። ጅባው ቍጥሩን ያስለካለት ሰው የለም፤ ግን አንድ ሌሊት በቤታችን ጓሮ ተኝተንበት ከመሬቱ የሚመጣው ብርድ መቀነሱን ጀርባችን መስክሯል። ሦስቱ በአንድነት ከተዋስነው ፕላስቲክ የሚቀል ሆኖ አገኘነው። ወደ ሃምበሪቾ የምንመለሰው በመጪው ዕረፍት ነው። ሲሄድ ጅባውን እኔ እሸከማለሁ፤ ሲመለስ እርሱ። እናቱም ሦስተኛውን ጋቢ አጥበው አስቀምጠውልናል፤ በዚህ ጊዜ «ይከብደናል» የሚላቸው የለም። ለእኒያ በር ለከፈቱልን እናትም አንድ ኪሎ ቡና ይዘን እንሄዳለን፤ ክብደቱን ከጓዙ ጋር ቈጥረነዋል።