ተአምር የሚሠሩና የማይሠሩ አማልክት

ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ የደረሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ "በጌም ኦፍ ትሮንስ ዓለም ውስጥ እውነተኛው አምላክ የትኛው ነው?" ጥያቄውን በጣም ስለምወደው በአንድ መስመር መመለስ አልፈለግሁም። መጻሕፍቱን ለማንበብ ወይም ፊልሙን ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ታሪኩን አስቀድሞ የሚነግር ነገር ስላለበት ይህን ጽሑፍ ለጊዜው አቆዩት።

ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አምስተኛው በ2011 ወጣ፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤችቢኦም በዚያው ዓመት ተከታታይ ፊልሙን ማሳየት ጀምሮ በ2019 ጨረሰ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ድራጎኖቹንና የዙፋኑን ሽኩቻ ነው። እኔን ግን ደጋግሞ ወደ መጻሕፍቱ የሚመልሰኝ የሃይማኖቶቹ ነገር ነው። ሕዝቡ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚተዳደር፣ ማን እንደጨቆነው በጸሎቱ ውስጥ ይታያል።

ከሰሜን ልጀምር። የሰሜን ሰዎች የሚያመልኳቸው የጥንት አማልክት ስም እንኳ የላቸውም። ካህን የለ፣ ቅዱስ መጽሐፍ የለ፣ መዝሙር የለ። ያለው ዊርዉድ የሚባል፣ ግንዱ ነጭ፣ ቅጠሉ ደም የመሰለ ዛፍ ነው። ግንዱ ላይ ፊት ተቀርጾበታል፤ ከዓይኖቹም ቀይ ሙጫ ይወርዳል። ፊቶቹን የቀረጹት ከሰው ቀድመው በምድሪቱ የኖሩት የጫካ ልጆች ናቸው። ሰዎች ከምሥራቅ ሲመጡ ዛፎቹን ቆረጡ፣ ብዙ ዘመን ተዋጉ፣ በኋላም በአንድ ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ላይ ቃል ኪዳን ገብተው ታረቁ። ይዋል ይደር እንጂ እንግዶቹ የነባሮቹን አማልክት የራሳቸው አደረጉ። የሰሜኑ ገዥ ኔድ ስታርክ በገዛ እጁ የሞት ፍርድ በፈጸመ ቁጥር በግንቡ በዊንተርፌል ውስጥ ባለው ዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል። የሚናዘዝለት ካህን የለም። የፈረደውን ፍርድ ተሸክሞ ዝም ይላል። ሰሜናዊነት ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ትዕይንት አላውቅም። ዛፎቹም ቢሆኑ ባዶ ምልክት አይደሉም፤ የኔድ ልጅ ብራን ያለፈውን ዘመን የሚያየው በእነሱ ዓይን ነው።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ሌላ ዓለም ነው። አንዳሎች የሚባሉ ሕዝቦች ባሕር ተሻግረው ሲመጡ "ሰባቱ" የሚባለውን እምነት ይዘው መጡ፤ የደቡብን ዊርዉዶችም ቆርጠው አቃጠሉ። ሰባቱ አባት፣ እናት፣ ተዋጊ፣ ድንግል፣ አንጥረኛ፣ አሮጊትና እንግዳ ናቸው። ሊቃውንቱ ግን አንድ አምላክ በሰባት ገጽ ነው ብለው ያስተምራሉ። ማርቲን ያደገው በካቶሊክ ቤተሰብ ሲሆን፣ ይህን እምነት ሲቀርጽ የሥላሴን ትምህርት መነሻ እንዳደረገ ራሱ ተናግሯል። ካህናቱ ሴፕተን ይባላሉ፤ የራሳቸው ሊቀ ካህናት፣ ታላላቅ ሕንፃዎች፣ በአንድ ወቅትም የራሳቸው ሠራዊት ነበራቸው። ሠራዊቱን የድራጎን ነገሥታት ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በተኑት። ንግሥት ሰርሴይ ግን ዘውዱ ያለበትን ዕዳ ለማሰረዝ ስትል እንደገና እንዲታጠቅ ፈቀደች፤ ያስታጠቀቻቸው ሰዎችም እሷኑ አሠሯት። በአምስቱም መጻሕፍት ውስጥ ሰባቱ በማያሻማ መንገድ ሠሩት የምለው አንድም ተአምር አላገኘሁም።

ተአምር የሚሠራው ቀዩ አምላክ፣ ሮሎር ነው። ከጠባቡ ባሕር ማዶ በኤሶስ አህጉር የገነነ የእሳት አምላክ ነው። በእሱ ትምህርት ዓለም የብርሃንና የጨለማ ጦር ሜዳ ናት፤ መካከለኛ ቦታ የለም። ማርቲን ለዚህ ከዞሮአስተር እምነት እንደተዋሰ ተናግሯል። ቶሮስ የሚባለው የዚህ አምላክ ቄስ ታሪኩ በብዛት ወደሚካሄድባት ወደ ዌስተሮስ የመጣው ሊሰብክ ነበር፤ ሰካራም ሆኖ ቀረ፣ እምነቱም ተሟጠጠ። ወዳጁ ቤሪክ ዶንዳሪየን ሲገደል፣ ለሙታን የሚደረገውን ሥርዓት ለወጉ ያህል ፈጸመለት። ቤሪክ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ሞቶ ደጋግሞ ተነሣ። እዚህ ላይ ማርቲንን አደንቀዋለሁ፦ ትንሣኤው ዋጋ አለው። ቤሪክ በተነሣ ቁጥር ከራሱ ይጎድላል፤ የገዛ ርስቱ የት እንደሆነ፣ ያጫት ሴት ፀጉር ምን ዓይነት እንደነበር ጠፍቶበታል።

ይኸው እሳት በሌላዋ የቀዩ አምላክ አገልጋይ፣ በሜሊሳንድሬ እጅ ሰው ያቃጥላል። ዙፋኑ ይገባኛል የሚለው ስታኒስ በእሷ ምክር በድራጎንስቶን ደሴት የሰባቱን ምስሎች አነደደ። በፊልሙ በ2015 በታየው አምስተኛ ምዕራፍ ደግሞ የገዛ ልጁን ሺሪንን ለእሳቱ ሰጠ። ሠራዊቱን ያገተው በረዶ ቀለጠ፤ የሠራዊቱ ግማሽ ግን ከዳው፣ እናቲቱም ራሷን ሰቀለች። አምላኩ ኃይል አለው፤ ማንም አይክደውም። ኃይል ስላለው ግን ትክክል ነው ማለት እንችላለን?

ፈጥኖ መፍረድም ልክ አይመስለኝም። ሜሊሳንድሬ ራሷ በልጅነቷ በባርነት የተሸጠች ናት። በቮላንቲስ ከተማ ለአንድ ነፃ ሰው አምስት ባሪያ አለ፤ ከቀዩ ቤተ መቅደስ ፊት ተሰብስበው የሚያለቅሱትም በብዛት እነሱ ናቸው። የማይነጋ ሌሊት ውስጥ ለሚኖር ሰው ንጋትን የሚሰብክ አምላክ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ባርነት የወለደው ሌላም አምላክ አለ፤ ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካኝ እሱ ነው። በጥንቷ ቫሊሪያ እሳተ ገሞራ ሥር፣ ማዕድን የሚቆፍሩ ባሪያዎች ከልዩ ልዩ ሕዝብ የተጋዙ ነበሩ። እያንዳንዱ በቋንቋው ወደ አምላኩ ይጸልያል፤ የሁሉም ልመና ግን ሞት ነበር። አንድ ሰው ይህን ሰምቶ፣ የሚለመነው በብዙ ስም የሚጠራ አንድ አምላክ ነው ብሎ ደመደመ፤ ባለ ብዙ ፊቱ አምላክ። ያመለጡ ባሪያዎች በመሠረቷት በብራቮስ ከተማ ዛሬም ቤተ መቅደሱ አለ። ውስጡ የብዙ እምነቶች ምስል ቆሟል፤ ሕይወት የመረራቸው ሰዎች መጥተው ከጽዋው ጠጥተው ያንቀላፋሉ። የኔድን ልጅ የአርያን ታሪክ የተከታተላችሁ ግን የምታውቁት አለ፦ ከባሪያዎች ሰቆቃ የተነሣው ይህ ምሕረት በኋላ ዋጋ እየተቀበለ የሚገድል ማኅበር ሆነ።

የብረት ደሴቶችን ባጭሩ ልለፋቸው። መሬታቸው ድንጋይ ነው፣ አያበላም፤ አምላካቸውም በባሕር ውስጥ የሚኖር፣ ዘረፋን የሚባርክ ነው። ካህኑ ምእመኑን እስኪሰጥም ባሕር ውስጥ ይደፍቀዋል፣ ከዚያ በትንፋሹ ይመልሰዋል። በፈረስ የሚዞሩት ዶትራኪዎች ደግሞ ካጠፏቸው ከተሞች የማረኳቸውን አማልክት አምጥተው በዋና ከተማቸው መግቢያ ግራና ቀኝ ያቆማሉ፤ አያመልኳቸውም። በዚያ የተማረኩ አማልክት መንገድ ላይ ብቻ አንድ መጽሐፍ ሊጻፍ ይችል ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። አራተኛው መጽሐፍ ውስጥ ሴፕተን ሜሪባልድ የሚባል ሰው አለ። ጦርነት ባወደመው የወንዞች ምድር አህያውንና ውሻውን አስከትሎ በባዶ እግሩ ይዞራል። ካህን ወደሌላቸው መንደሮች እህል ያደርሳል፣ ያጋባል፣ ያናዝዛል፣ ይቀብራል። ማንበብ አይችልም፤ ጸሎቱንና የቅዱስ መጽሐፉን ረጃጅም ክፍሎች ግን በቃሉ ይዟል። ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ ዓይነ ስውር አባት በሠፈሩ የነበሩለት ሰው ሜሪባልድን ሲያገኘው አይደነግጥም። ሜሪባልድ በልጅነቱ ወንድሞቹን ተከትሎ ዘምቷልና ከጦርነት ስለሸሹ ወታደሮች ሲናገር በሐዘኔታ ነው፤ ከእርሻቸው ተነቅለው፣ ለማያውቁት ጌታ ተዋግተው፣ ልባቸው የተሰበረ ገበሬዎች መሆናቸውን ያስረዳል። የሚያገለግለው ግን ያንኑ ተአምር የማይሠራውን እምነት ነው።

ማርቲን የትኛው አምላክ እውነተኛ እንደሆነ በአምስቱም መጻሕፍት አልነገረንም። እሳቱም፣ ዛፉም፣ ባሕሩም የየራሳቸው ምስክር አላቸው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በዚያ ዓለም ሙት ካስነሣው ከቶሮስ ይልቅ በሜሪባልድ እጅ የሚሰጠውን ቁራሽ አምናለሁ። ሜሪባልድ በፊልሙ ውስጥ የለም፤ እሱን ለማግኘት መጽሐፉን ማንበብ ግድ ነው።

በአማርኛ ምናባዊ ዓለም እየፈጠራችሁ ያላችሁ የቻናሉ ጸሐፊዎች፣ አንድ ልመና አለኝ። አምላካችሁ ምን ማድረግ እንደሚችል ከመጻፋችሁ በፊት ማን እንደሚያገለግለው፣ ማን በስሙ እንደሚጠቀም፣ ማንስ በጭንቅ ሰዓት እንደሚጠራው ጻፉልኝ። ሐሳባችሁን ከታች አስቀምጡ፤ ሁሉንም አነባለሁ።