ስለ ፍጥነትና ስለ ፍጥነት ጭማሪ ሒሳብ

ልጆች ከተማሪ ቤት ይዘውት የሚመጡት የፍጥነት ሒሳብ ለብዙ አባቶችና እናቶች እንደ ቅኔ ፍቺ የከበደ መስሎ ይታያል። ነገር ግን በሥርዓቱ ለያዘው ሰው የሚያስፈራ አይደለም። የክስ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ የታወቀውንና የሚጠየቀውን እንደሚለይ፤ ይህም ሒሳብ የተሰጠውንና የሚፈለገውን ለይቶ በመጻፍ ይጀመራል። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት በማባዛትና በማካፈል ሳይሆን ይህነን ሳይለዩ ስለሚቸኵሉ ነው።

ፍጥነት ማለት አንድ ነገር በየሰኮንዱ ምን ያህል መንገድ፤ ወደ ወዴትስ እንደሚሄድ የሚነግረን ነው። የፍጥነት ጭማሪ የሚባለው ደግሞ ያው ፍጥነት በየሰኮንዱ የሚለወጥበት መጠን ነው፤ መቀነሱም በዚሁ ስም ይቈጠራል፤ ምልክቱ ብቻ ተቃራኒ ይሆናል። ሁለቱን መደባለቅ ደመወዝንና የደመወዝ ጭማሪን እንደ መደባለቅ ነው።

የኢጣልያው ሊቅ ጋሊሌዮ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1638 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ጽፏል። ቦይ በተፈለፈለበት ዘንባላ ሳንቃ ላይ የነሐስ ኳስ እየለቀቀ፤ ከዕቃ በቀጭኑ የሚፈሰውን ውሃ እየመዘነ ጊዜውን ይለካ ነበር። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ኳሱ የሄደበት መንገድ አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ቤታችን ደጃፍ እንመለስ። አንድ አውቶሞቢል በሰዓት 36 ኪሎሜትር ሲሄድ፤ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ በ30 ሜትር ርቀት መንገድ ገባ እንበል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ 1 ሰኮንድ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ በየሰኮንዱ በ5 ሜትር በሰኮንድ ይቀንሳል። አስቀድሞ ኪሎሜትሩን ወደ ሜትር፤ ሰዓቱን ወደ ሰኮንድ መመለስ ይገባል፤ 36,000 ለ3,600 ቢካፈል 10 ሜትር በሰኮንድ ነው። ስለዚህ ፍሬን ሳይያዝ 10 ሜትር ይሄዳል። ከተያዘም በኋላ በ2 ሰኮንድ ይቆማል፤ መካከለኛ ፍጥነቱ 5 ስለ ሆነ ሌላ 10 ሜትር ይጨምራል። ድምሩ 20 ሜትር ነው፤ ሕፃኑም ዳነ።

ፍጥነቱ 72 ኪሎሜትር ቢሆንስ? ልጅ ፈጥኖ «40 ሜትር» ይላል። ግን አሁን ፍጥነቱ 20 ሜትር በሰኮንድ ነው፤ ፍሬን ሳይያዝ 20 ሜትር ያልፋል፤ ለመቆም 4 ሰኮንድ ይፈጃል፤ መካከለኛው ፍጥነት 10 ስለ ሆነ 40 ሜትር ይጨመራል፤ ድምሩ 60 ይሆናል። ሕፃኑ ካለበት ሲደርስ ፍሬኑ የሠራው 10 ሜትር ብቻ ነው። 20 በራሱ ሲባዛ 400 ነው፤ ከዚህ ላይ የ5 እና የ10 ብዜት እጥፍ የሆነው 100 ይቀነሳል፤ 300 ይቀራል። በራሱ ተባዝቶ 300 የሚሰጠው ቍጥር ከ17 ጥቂት ይበልጣል። ይህም በሰዓት 62 ኪሎሜትር ያህል ነው። ይህነን ቍጥር ሾፌር የቀጠረ ሁሉ ለሾፌሩ ቢያሳየው እወዳለሁ።

ለልጆች የምንተወው ጥያቄ ይህ ነው፤ መንገዱ በዝናብ ረጥቦ የፍሬኑ ኃይል በግማሽ ቢቀንስ፤ በ72 ኪሎሜትር የሚሄደው አውቶሞቢል በስንት ሜትር ይቆማል? መልሱ 100 ሜትር ነው፤ መንገዱን ግን ራሳቸው ይጻፉት።