ያረጀ ባትሪ በምን ይታወቃል?

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው የመንዝ ቀበሌዎች ለቤትና ለጤና ኬላ ብርሃን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ ነው። መብራቱ ገና በምሽቱ ሲደክም «ባትሪው ሞቷል» ይባላል። ደኅናውን ባትሪ መጣል ለገበሬ ከባድ ኪሣራ ነው፤ ያረጀውን ማቆየት ደግሞ ሌሊት ወላድ በመጣች ጊዜ ጤና ኬላውን በጨለማ ያስቀራል። ስለዚህ የመለየቱን ዘዴ በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የሠራው የእርሳስ ባትሪ በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ ሲሞላ ይለቃል። ባዶውን ብዙ ቀን ከቆየ ግን ሰልፌቱ ጠጥሮ ይቀራል። እንዲህ ያለው ባትሪ ጠጠር እንደ ገባበት እንስራ ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላም የሚቀዳው ጥቂት ነው።

ከመፍረድ በፊት ሌሎቹን ምክንያቶች መመርመር ይገባል። የክረምት ጉም፣ በፀሐይ ሰሌዳው ላይ ያረፈ አቧራ፣ የላላ ወይም የዛገ የሽቦ መያዣ ደኅናውን ባትሪ ያረጀ ያስመስሉታል። ብርድም እንዲሁ ነው፤ በዜሮ ዲግሪ አቅሙ በ25 ዲግሪ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በመሐል ሜዳ ፈተናው ውርጭ በሌለበት፣ ሞቅ ባለ ክፍል ቢደረግ ይሻላል። በሌላ በኩል ባትሪን ፈጥኖ የሚያስረጀው ሙቀት ስለ ሆነ፣ በሚገባ የሚሞላ ባትሪ ከቆላ ይልቅ በደጋ ረዘም ያለ ዕድሜ አለው።

አንደኛው ፈተና በቮልትሜትር ነው። የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ገደማ ማሳየት አለበት። ይህ ግን መሙላቱን እንጂ አቅሙን አይነግረንም።

ሁለተኛው በሥራ መፈተን ነው። 40 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት አዲስ ባትሪ 2 አምፔር የሚስብ መብራት ቢያያዝበት፣ ወደ 10.5 ቮልት እስኪወርድ 20 ሰዓት ያህል ያበራል። 16 ሰዓት ካበራ 80 በመቶ አቅም ቀርቶታል፤ ባለሙያዎች ይተካ የሚሉት ከዚህ ሲያንስ ነው። ለጤና ኬላ ይህን ወሰን መጠበቅ ይገባል፤ ለአንዲት የቤት አምፖል ግን ከዚያም ያነሰው ሊያገለግል ይችላል። ፈተናው እንዳለቀ ባትሪው ወዲያው ይሞላ፤ ደጋግሞ እስከዚህ ማውረድ ይጎዳዋል።

በእጅ ፋኖስና በስልክ ያለው የሊትየም ባትሪ ካበጠ የሚሰጠው ብርሃን ሳይታይ አገልግሎቱ ይቁም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሳለም አይሞላ።

በመጨረሻ፣ ያረጀው ባትሪ በጓሮ አይጣል፤ እርሳሱም በቤት ምድጃ አይቅለጥ። የእርሳስ ጢስና ብናኝ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳልና፣ ባትሪው ሳይፈታ ለሚሰበስቡት ነጋዴዎች መመለስ ይገባዋል።