ለመንገድ ሙሌት ዋልካ አይበጅም

ገበሬው በጉልበቱ የሠራው መንገድ ክረምት ሲገባ የሚሰምጠው ብዙውን ጊዜ በአፈር ምርጫ ጉድለት ነው። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚገመት መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸውን ያህል ለመንገድ ጠንቅ ነው።

ቁፋሮ ሲጀመር በቅድሚያ ሥር ያለበት የላይኛው አፈር ይነሣል፤ ሥሩ ሲበሰብስ ሙሌቱ ይሰምጣልና። ይህ ለም አፈር ግን አይጣልም። ለብቻ ተከምሮ ይቆይና ሙሌት የወጣበት ጉድጓድ ሲስተካከል ይለበስበታል። ክፍት የቀረ ጉድጓድ ውሃ አቁሮ ሕፃንና ከብት ይበላል።

ለሙሌት የሚመረጠው ገረጋንቲ ነው። በቢሾፍቱ አካባቢ የሚገኘውን የመሰለ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም ውሃ ስለሚያሳልፍ ያገለግላል።

ሙሌት በአንድ ጊዜ አይቆለልም። በዳምጠው የሚጠቀጠቅ ከሆነ በ20፣ በእጅ ከሆነ በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እየተነጠፈ ይደለደላል። አፈሩን በእጅ ጨብጦ መመርመር ይበጃል፦ ቅርጹን ከያዘና እጅ ካላራሰ ደኅና ነው፤ ከተበተነ ውሃ ይጨመርበታል፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ ይናፈሳል።

የላላ አፈር ሲጠቀጠቅ መጠኑ ስለሚቀንስ፣ የማኅበር መሪዎች የሰው ኃይልና የጋሪ ምልልስ ሲመድቡ ይህን አስቀድመው ሊያሰሉ ይገባል። በግራና በቀኝ ቦይ ያልወጣለት መንገድ ግን የቱንም ያህል ቢጠቀጠቅ ክረምቱን አይሻገርም።