እንግሊዝኛ የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ወረቀት ብቻ አይደለም

የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞን መርካቶ ውስጥ ከዕቃ ዋጋ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ልጅሽ ስንት አመጣች?» የሚለው ነው። ከሰባተኛ እስከ ጭድ ተራ፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ በርበሬ በረንዳ ጥያቄው ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ባለፉት ዓመታት መልሱ ብዙ ቤት አሳዝኗል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ ከ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ ከ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ውጤት ብዙ ተብሏል። ኩረጃው፣ የመምህሩ አቅም፣ የመጽሐፍ እጥረቱ ሁሉም ተነሥቷል። እኔ በዚሁ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ11 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ለወላጆች በቂ ተነግሯል ብዬ የማላስበው አንድ ነገር አለ፤ የልጃችን እንግሊዝኛ በእውነት ምን ላይ እንዳለ ከ12ኛ ክፍል በፊት የሚነግረን ፈተና የለንም ማለት ይቻላል።

በሁሉም ወረቀት ውስጥ አለ

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ ልጁ ባዮሎጂም ሲፈተን፣ ታሪክም ሲፈተን፣ ሒሳብም ሲፈተን ጥያቄውን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው።

አንድ ቀን የባዮሎጂ መምህር ባልደረባዬ ተማሪዎቹ የሳቱትን አንድ ጥያቄ አሳየኝ። ጥያቄው ከአራቱ ምርጫዎች ውስጥ «የማይሆነውን» ምረጡ ይላል። ብዙዎቹ ግን የሚሆነውን መርጠዋል። ትምህርቱን ያውቁታል፤ የሳቱት «ኤክሴፕት» የምትለዋን አንዲት ቃል ነው። በውጤት ወረቀታቸው ላይ ግን የሚጻፈው ባዮሎጂ እንዳልገባቸው ነው። ወላጅም የባዮሎጂ አስጠኚ ይቀጥራል፤ ገንዘቡ ይወጣል፤ ችግሩ ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ማጥቆርና መጻፍ

ለረጅም ጊዜ የምናውቀው የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና 120 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት ነው። ሰዋስው፣ የቃላት ፍቺ፣ የንግግር ማሟያ፣ ምንባብ፣ የዓረፍተ ነገሮች ቅደም ተከተል አለበት። የጽሑፍ ችሎታ የሚባለውም ሳይቀር የሚመለሰው በማጥቆር ነው። ተማሪው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ በራሱ እጅ አይጽፍም፤ የሚያዳምጠውም፣ የሚናገረውም የለም።

የምርጫ ጥያቄ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተፈታኝን በአጭር ጊዜ ማረም ያስችላል፤ በማረም ላይ አድልዎ አይገባበትም፤ ሰፊ ትምህርትም ይሸፍናል። ግን አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ምንም ሳያነብ የሚያጠቁር ልጅ በአማካይ ከ120ው 30 ያገኛል። ያ 30 ቁጥር ነው እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ፈተናው ወደ ክፍል ይዞት የሚመጣው ልማድ ነው። መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ማጥቆር ከሆነ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚለማመዱት ማጥቆር ይሆናል። ድርሰት ላጽፍ ስል «ቲቸር፣ ይሄ ማትሪክ ላይ ይወጣል እንዴ?» የሚለኝ ተማሪ ሁልጊዜ አለ። ጥያቄው ስንፍና አይደለም፤ ልጁ የሚበጀውን አስልቶ ነው።

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል? ኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የእንግሊዝኛ ፈተናዋን በሦስት ወረቀት ከፍላ ትሰጣለች፤ ተማሪዎቿም ድርሰት በእጃቸው ይጽፋሉ። ብዙ ወጣቶቻችን ለውጭ አገር ትምህርት የሚቀመጡበት ቶፍል እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጀመር መናገርን አይፈትንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢንተርኔት መሰጠት ሲጀምር ግን ሰዋስው ለብቻው የሚፈተንበት ክፍል ወጥቶ መናገር ገባ።

እኛ ዘንድ የሚቀርበው ምክንያት የተፈታኙ ብዛት ነው። እስቲ እናስላው። 600 ሺህ ተማሪ አንድ አንድ አጭር ድርሰት ቢጽፍና ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ 50 ሺህ ሰዓት ይፈጃል። 500 መምህራን በቀን ስምንት ሰዓት ቢያርሙ ከ13 ቀን አይበልጥም። ወጪና ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የማይቻል ግን አይደለም።

ሁለት ተማሪዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ። አንደኛዋ የክፍሉ አንደኛ ነበረች። ሞዴል ፈተና ላይ ከ120ው 90 እና ከዚያ በላይ ታመጣለች። ሁለተኛው ከትምህርት በኋላ አባቱ ሱቅ የሚውል ልጅ ነው። ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ ዕቃ ይለያል፤ ከውጭ ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር በእንግሊዝኛ ዋጋ ይከራከራል፤ ሰዋስዉ የተሰባበረ ቢሆንም ሐሳቡ ይደርሳል። ወረቀት ላይ ግን ከግማሽ በታች ነው።

በዚያ ዓመት ለሁሉም ተማሪ የሦስት ደቂቃ የንግግር ፈተና ሰጠሁ። 58 ተማሪ ነበረ፤ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት አምስት ልጅ እያነጋገርኩ በ12 ክፍለ ጊዜ ጨረስኩ። ከውጭ «መንገድ! መንገድ!» የሚሉ ተሸካሚዎች ጩኸትና የመኪና ጥሩንባ ስለሚገባ የምንነጋገረው ጥግ ላይ ተጠግተን ነበር። ልጁ ስለ አባቱ ሱቅ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አወራኝ። ልጅቷ ስሟን ነግራኝ ዝም አለች። ቀስ ብዬ ስጠብቃት እንባዋ መጣ።

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በመጀመሪያው ሴሚስተር ደውላልኝ «ቲቸር፣ ክፍል ፊት ቆማችሁ አቅርቡ ሲሉን ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ» አለችኝ። ልጁ ማለፊያ አላመጣም። ቤተሰቡ «ትምህርት የማይገባው» ብሎ ደምድሞ ሱቅ አስገባው። እሷ መናገር እንደሚያቅታት፣ እሱ ደግሞ ወረቀት ላይ የሚያነሰው ሰዋስውና ንባብ እንጂ ጭንቅላት እንዳልሆነ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቢታወቅ ኖሮ ሦስት ዓመት ነበረን።

ቤት ውስጥ እንዴት ይፈተናል?

እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ ልጁን መፈተን ይችላል። በወር አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ይበቃል።

ንባብ፦ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ተዉት፤ የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ መጽሐፉን ያምጣ። ገና ካልተማረው አንድ ገጽ ለአሥር ደቂቃ ያንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ በአማርኛ ይንገራችሁ። የሚነግራችሁ ነገር መያያዝ አለመያያዙን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። የማያውቃቸውን ቃላት በእርሳስ ያስምርባቸው። የቋንቋ ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ለመረዳት ከ100 ቃል ቢያንስ 95ቱን ማወቅ ያስፈልጋል ይላሉ። ከ100 ቃል 15 እና 20 የሚያሰምር ልጅ ያን መጽሐፍ እያነበበ አይደለም፤ እየገመተ ነው።

ጽሑፍ፦ ስልክ ሳይዝ 15 ደቂቃ ይጻፍ። ርዕሱ ቀላል ይሁን፤ ሱቃችን፣ ሰፈራችን፣ ባለፈው እሑድ የሆነው። ቀን ጽፋችሁበት ማኅደር ውስጥ አስቀምጡት። በሦስተኛው ወር ሦስቱን ወረቀቶች ለእንግሊዝኛ መምህሩ ውሰዱና «የትኛው ይሻላል? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት።

ማዳመጥ፦ ቢቢሲ ለቋንቋ ተማሪዎች የሚያዘጋጃቸው የስድስት ደቂቃ ዝግጅቶች በስልክ ይገኛሉ። አንዱን ሁለት ጊዜ ያዳምጥና ምን እንደተባለ በአማርኛ ይንገራችሁ።

ንግግር፦ ሁለት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ያውራ፤ በስልኩ ቅዱት። ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ። ከሁለት ወር በኋላ ስለዚያው ነገር ድጋሚ ይናገርና ሁለቱን አብራችሁ ስሙ።

ከሁሉም በላይ አትቆጡ። ይህ ፈተና ማለፊያና መውደቂያ የለውም፤ የጎደለውን ማወቂያ ነው። ቁጣ ከገባበት ልጁ ከጎረቤት ልጅ ጠይቆ፣ ሸምድዶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሌላ የማጥቆሪያ ወረቀት ጨመራችሁ ማለት ነው።

በወላጅ ስብሰባም «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ከማለት በፊት «በዚህ ሴሚስተር ስንት ጊዜ ጻፈ? ስንት ጊዜስ ተናገረ?» ብላችሁ ጠይቁን። መምህራን የምንጠየቀውን እንዘጋጅበታለን።

ይህን የንባብ ፈተና ከነገርኳቸው ወላጆች አንዷ በርበሬ በረንዳ ቅመም የምትሸጥ እናት ናት። ፊደል አልቆጠረችም። እሑድ ማታ ልጇ ያነበበውን ሲነግራት «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለች ታዳምጣለች። ከሁለት ወር በኋላ መጥታ «ቲቸር፣ ስለ ደም ዝውውር ሲነግረኝ ጥሩ ነበር፤ ስለ ኩላሊት ሲሆን ግን ቶሎ ቶሎ እያለ ያልፈዋል። እሱ አልገባውም» አለችኝ። ምዕራፉን ከልጁ ጋር ከፍተን አየነው። ያሰመረባቸው ቃላት አንድ ገጽ ላይ ብቻ 31 ነበሩ።