ጋሼ፣ ይህን ይመልከቱልኝ
ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ተቀጥሬ ልብስ እሰፋለሁ። ኑሮው ሲከብድ የደመወዝ ጭማሪ ለመጠየቅ ወሰንኩ፤ ጊዜውን ግን መረጥኩ። ለሸዋሊድ በዓል ልብስ የሚያሰፋው ሲጋፋ አሠሪ ጆሮ የለውም። በዓሉ አልፎ ሒሳብ ሲተሳሰብ ነው የሚሻለው።

በግል ድርጅት ለምንሠራ በአገራችን የደመወዝ ወለል አልተቆረጠም፤ ስለዚህ በማስረጃ መደራደር ነው። ያመሸሁበትን ሰዓት፣ የሰፋሁትን ቀሚስ፣ ሥራ ያስለመድኳትን ልጅ በደብተር ይዤ ወደ አሠሪዬ ገባሁ። የቤት ኪራዩ መክበዱ እውነት ቢሆንም በእሱ አልጀመርኩም። “ጋሼ፣ ይህን ይመልከቱልኝ” አልኩና የምፈልገውን ብር በቁጥር ተናገርኩ።

የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን ድርድር አይደለም፤ መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ብዙ ሰፊዎች ይህን አለማወቃቸው ያንገበግበኛል። በየሱቁ ጥቂት ብንሆንም ተሰባስበን 10 ከሞላን አጠቃላይ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም እንችላለን።

ጋሼ ከጠየቅኩት ጭማሪ ግማሹን ወዲያው፣ ግማሹን ከአረፋ በኋላ ሊጨምሩልኝ ተስማሙ። እዚያው ደብተሩ ላይ አስፈረምኳቸው።