በመካነ እንስሳት ውስጥ እንስሳትን ለእርባታ ማጣመር

እንስሳትን ለእርባታ ማጣመር በመካነ እንስሳት ከሚኖሩ የዱር እንስሳት መካከል የትኛው ወንድ ከየትኛዋ ሴት ጋር እንደሚዋለድ አስቀድሞ የመወሰን ሥራ ነው። ዓላማው ቁጥራቸውን ማብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከጥቂት መሥራች እንስሳት የተገኘውን የዘረመል ብዝኃነት ለብዙ ትውልድ ማቆየት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የዚህን ብዝኃነት 90 በመቶ ለ100 ዓመታት ጠብቆ ማቆየትን ግብ ያደርጋሉ።

ምክንያቱ

በመካነ እንስሳት የሚኖሩ እንስሳት ጥቂት ስለሆኑ ከተወሰነ ትውልድ በኋላ ሁሉም ይዛመዳሉ። ዘመዳሞች ሲዋለዱ በሁለቱም ወላጆች ውስጥ ተደብቆ የኖረ ጎጂ ዘረመል በልጁ ላይ የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል። ለምሳሌ የካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ትልቅ አሞራ እ.ኤ.አ. በ1987 የቀረው 27 ብቻ ነበር። ሁሉም ተይዘው ሲራቡ አንዳንድ ጫጩቶች በዘር በሚተላለፍ የአጥንት እድገት ችግር ሞቱ። ስለዚህ ይህን ዘረመል ሊሸከሙ የሚችሉ ወፎች እርስ በርሳቸው እንዳይጣመሩ ይደረጋል።

አሠራሩ

የእያንዳንዱ እንስሳ ወላጆች፣ ልደትና ሞት በዘር ሐረግ መዝገብ ይሰፍራል። ለዱር እንስሳ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1932 ለአውሮፓ ባይሰን የታተመው ነው። በአማራ ባህል ተጋቢዎች እስከ ሰባት ቤት ዘር እንደሚቆጠርላቸው ሁሉ፣ እዚህም ዝምድና ይቆጠራል፤ ልዩነቱ በቁጥር መለካቱ ነው። ዝምድና በሌላቸው ወላጆች የተወለዱ እንስሳት እርስ በርሳቸው ያላቸው ዝምድና እንዲህ ይሰላል፦

* ወንድምና እህት፦ 0.25
* በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ፦ 0.125
* የአጎት ልጆች፦ 0.0625

ቀጥሎ እያንዳንዱ እንስሳ ከቀሩት ሁሉ ጋር ያለው ዝምድና በአማካይ በኮምፒውተር ይሰላል። አማካዩ ዝቅተኛ የሆነው፣ ማለትም ዘመዱ ጥቂት የሆነው እንስሳ፣ የመውለድ ቅድሚያ ያገኛል። ብዙ ልጆች ያሉት ጠንካራ ወንድ ግን ተጨማሪ እንዳይወልድ ሊከለከል ይችላል።

የጥንዶቹ ስምምነት

በስሌት የተስማማ ጥንድ በተግባር ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ እንስሳቱ መጀመሪያ በአጥር ተለያይተው እንዲተያዩና እንዲሸታተቱ ይደረጋል። ይህም ሁልጊዜ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 በለንደን መካነ እንስሳት አሲም የተባለው የሱማትራ ታይገር፣ ለ10 ቀናት ተለያይተው ከቆዩ በኋላ፣ የታጨችለትን መላቲን በመጀመሪያ ግንኙነታቸው ገደላት። ያው አሲም በ2022 ጋይሻ ከተባለች ሌላ ሴት 3 ግልገሎች ወልዷል።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተቋቋመ። አንበሶቹ ከ7 መሥራቾች፣ ማለትም ከ5 ወንዶችና ከ2 ሴቶች፣ እንደተገኙ ይነገራል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት የ15 አንበሶችን ዘረመል መርምሮ፣ ለንጽጽር ከቀረቡት ሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ተጠብቀው እንዲራቡም መክሯል። የማጣመር ችግር እዚህ ጎልቶ ይታያል፦ እርስ በርሳቸው ቢዋለዱ ዝምድናው ይጠብቃል፣ ከውጭ አንበሳ ጋር ቢዳቀሉ ደግሞ ልዩነታቸው ይደበዝዛል።